ያልመታሁት ምት

ባለፈው ቅዳሜ ከአጠገቤ ተቀምጦ ለውዝ ይቆረጥም የነበረ አንድ ጎልማሳ ጭን ላይ ቡጢ አሳረፍኩበት። ሰውየውን አላውቀውም፤ ምንም አላደረገኝም። ለውዙ ተበተነ፣ እሱ ብድግ አለ፣ እኔም አፍሬ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ ሰማንያን የማንኳኳ አሮጊት ነኝ፤ ግን የኮሌጅ መረብ ኳስ ካለ ቤት አልቀመጥም። የልጅ ልጄ የዩኒቨርሲቲዋ ቡድን አቀባይ ናት፤ ኳሱን ወደ ላይ አንስታ ለመቺዋ የምታመቻች ማለት ነው። ሰዎች በእሷ ምክንያት የምመጣ ይመስላቸዋል። ወላሂ አይደለም፤ እሷ ሳትወለድም እመጣ ነበር። ትራሴን በብብቴ፣ ጃንጥላዬን በእጄ ይዤ ፊት ወንበር ላይ ጉብ እላለሁ። ቤተሰቦቼ ታዲያ አንድ ነገር ያውቃሉ፤ ከቀኜ ያለው ወንበር ባዶ መሆን አለበት። ሜዳው ላይ አንዱ አቀባይ ኳሱን አንስቶ «ምታ!» ብሎ ሲጮህ ቀኝ እጄ ሳላዘው ይነሳና ያገኘውን ይመታል። ያን ቀን የወንዶቹ ፍጻሜ ስለነበር አዳራሹ ሞልቶ ወንበሩ ተያዘብኝ።

ሰውየው ደግ ነው፤ ለውዙን እየለቀመ ሳቀ። «እማማ፣ ምን ነክቶዎት ነው?» አለኝ። ልነግረው ጀመርኩ፤ መሃሉ ላይ ሳንደርስ ጨዋታው አለቀና አውቶቡስ እንዳያመልጠው ሮጠ። ለእሱ ያልጨረስኩትን ለእናንተ ልጨርስላችሁ፤ እናንተ እንኳ የምትቸኩሉ አትመስሉኝም።

ጊዜው ሃምሳዎቹ ውስጥ ነው፣ ቦታው አሰላ። እኔ ራህመት፣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። አባቴ ገበያው ዳር ጨው፣ ሳሙናና አቡጀዲ የሚሸጥበት ሱቅ ነበረው። ቤታችን ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሱቅ ውስጥ ሁለቱም፣ ትምህርት ቤት አማርኛ ነው። ቁመቴ መከራዬ ነበር። ክፍል ውስጥ ካሉት ወንዶች ሁሉ እበልጥ ስለነበር «ስልክ እንጨት» ይሉኛል። ድምፄ ደግሞ ለቁመቴ የሚመጥን አልነበረም። አስተማሪ ጠይቆኝ መልሱን እያወቅሁት አፌ አይከፈትም። የምጠራውም «ያቺ ዝምተኛዋ» ተብዬ ነው፤ ዛሬ ይህን የሰማ ልጄ ሁሉ በሳቅ ይሞታል።

በዚያ ዓመት ሃምሳ አለቃ ይርጋ የሚባሉ፣ ከጦር ሠራዊት ሙዚቃ ጡረታ የወጡ ሰው ትምህርት ቤታችን ተቀጠሩ። የማርሽ ባንድ ሊያቋቁሙ አንድ ሳጥን ያገለገለ የሙዚቃ መሣሪያ ይዘው መጡ። ጥቂት ጥሩምባ፣ ሁለት ክላርኔት፣ ትናንሽ ታምቡሮችና አንድ በጣም ትልቅ ከበሮ። ያ ከበሮ በማንገቻ ደረት ላይ ይንጠለጠላል፤ ከጎን በኩል በመምቻ ይመታል። ወንዶቹ ሁሉ ተሻሙበት፤ ግን አንዱም ከበሮውን ተሸክሞ ፊት ለፊቱን ማየት አልቻለም። የመጀመሪያው ልጅ ቦይ ውስጥ ገባ። ሁለተኛው ሰልፉ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ እሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ የአንዲት ሴትዮ የሽንኩርት መደብ ላይ ወጣ።

በማግስቱ ሃምሳ አለቃ ክፍላችን ገቡና «ከዚያ ከበሮ በላይ ራሱ የሚታይ ሰው ይነሳ!» አሉ። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን አየ።

እኔ አልተነሳሁም፤ ሲዘብቱብኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መጥተው ከፊቴ ቆሙ። «ስምሽ ማነው?»

«ራህመት» አልኩ፤ አልተሰማም።

«ማን?»

«ራህመት!»

«ጥሩ። ከእንግዲህ ድምፅሽ ሲጠፋ ከበሮው ይናገርልሻል።»

እናንተዬ፣ ያንን ከበሮ መጀመሪያ የመታሁ ቀን! ድምፁ ከጆሮዬ ይልቅ በሆዴ ነው የተሰማኝ። ግቢው ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ቀና አለ። በሕይወቴ ሰው ቀና ብሎ አይቶኝ የማያውቅ እኔ፣ ሌላ አንድ ልምታ ብዬ መለመን ጀመርኩ። እናቴ አዲስ ረጅም ሰማያዊ ጉርድና ከእሱ ጋር የሚመሳሰል ሻሽ ሰፋችልኝ፤ አባቴ «ይህን ሁሉ ሸክም ተሸክማ ጀርባዋ እንዳይቆለመም» ከማለት በቀር ክፉ ነገር አልወጣውም።

ያልወደዱት ዳይሬክተራችን አቶ ታፈረ ናቸው። ክፉ ሰው እንዳይመስሏችሁ፤ ሥርዓት የሚሉት ነገር ግን ከእንጀራ ይበልጥባቸዋል። «ሴት ልጅ ከበሮ አንግታ ሕዝብ ፊት ስትሄድ የት ታይቷል? የትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ምን ይለኛል?» ብለው ሃምሳ አለቃን ጠሩ። ሁለቱ ተሟገቱ፤ መጨረሻ ላይ እኔም ተጠራሁ። የባንዱ አባላት ስም በወፍራም ወረቀት ተጽፎ ቢሯቸው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሁሉም በጥቁር ቀለም ነው። አቶ ታፈረ ከታች በእርሳስ «ራህመት» ብለው ጻፉ።

«በእርሳስ ነው የጻፍኩሽ፣ ልብ በይ» አሉኝ። «የአዲስ አበባ ኮሌጅ መረብ ኳስ ቡድን መጥቶ ከከተማችን ቡድን ጋር እስኪጋጠም ድረስ ትታያለሽ። በሕዝብ ፊት አንድ ምት፣ አንድ ብቻ፣ ያለቦታው ከመታሽ ላጲስ አለኝ።» ላጲሱንም ከመሳቢያ አውጥተው አሳዩኝ።

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ የለኝም። ሃምሳ አለቃም ልምምዱን አጠበቁት። መላ ዘዴያቸው አንድ ቃል ነበር። «ባንድ፣ ተጠንቀቅ!» ሲሉ መምቻዬን ከትከሻዬ በላይ አንስቼ እንደ ሐውልት እቆማለሁ። ከዚያ «ምታ!» ይላሉ። ባንዱ የሚነሳው በእኔ ምት ነው። አንዱ ታምቡር መቺ አንድ ቀን «ሃምሳ አለቃ፣ እሷ እኮ ሴት ናት፤ ‹ምቺ› አይባልም?» ብሎ ጠየቀ።

«ትእዛዝ ወንድና ሴት የለውም» አሉ። «ምታ ልበል ምቺ ልበል እያልኩ ሳስብ ሰልፉ በቆጂ ይደርሳል።»

እንግዲህ ያንን «ምታ» በቀን መቶ ጊዜ ይደግሙልኛል። ከኋላዬ፣ ከዛፍ ጀርባ፣ አንዳንዴም ምሳ ስበላ። ሳላስበው፣ ሳልጠብቀው፣ ቃሉን እንደሰማሁ እጄ እንዲወርድ። በወሩ መጨረሻ ቤት ውስጥ ወንድሜ «ምታ!» ሲለኝ በማማሰያ ድስት እስክመታ ድረስ ደረስኩ።

ግጥሚያው ቅዳሜ ሆነ። ኮሌጁ ያኔ በአገሩ ዝነኛ የሆነ ቡድን ነበረው፤ ተማሪዎቹ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጡ። ነጭ ሸራ ጫማ፣ ነጭ ቁምጣ፣ የተቀባ ጸጉር። የእኛዎቹ ደግሞ የተለቃቀሙ ናቸው። ሁለት አስተማሪ፣ አንድ የፖስታ ቤት ጸሐፊ፣ አንድ የገብስ ነጋዴ፣ መቺው በላይ የሚባል ከጎጃም ተመድቦ የመጣ የሆስፒታል ድሬሰር፣ አቀባዩ ደግሞ የሰፈራችን ጎሚስታ ቃሲም። ቃሲም ጎማ ሲነፋ የዋለ ድምፁ ሻካራ ነው፤ ሲጮህ ጭላሎ ተራራ ይመልስለታል። መረቡ እንኳ ከዝዋይ ዓሣ አጥማጆች የተዋስነው ነበር፤ ሲነካ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

ጠዋት ባንዱ ከትምህርት ቤት ተነስቶ በከተማው መሃል አልፎ ሜዳ ሄደ። ብርዱ ጣት ይቆርጣል፤ የጥሩምባ ነፊዎቹ ከንፈር ሰማያዊ ሆኗል። እኔ ግን ላብ በላብ ነኝ። የአባቴ ሱቅ ጋ ስንደርስ አባቴ የሚመዝነውን ጨው ሚዛኑ ላይ ትቶ ወጣ። ደንበኛው «ጨዬስ?» ሲለው «ቆይ እስቲ፣ ልጄ እያለፈች ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ። አንድም ምት አልሳትኩም። አልሐምዱሊላህ፣ አንዱ ግማሽ አለፈ አልኩ።

ሜዳው ዙሪያ ሰው እንደ ጉንዳን ፈሷል። ከሳጉሬ በጭነት መኪና የመጡ ሁሉ ነበሩ። ዳኛው የመብራት ሠራተኞች መሰላል ላይ ፊሽካውን ይዞ ተቀምጧል። እኛ ባንዶቹ ከሜዳው ራቅ ብለን መሣሪያችንን መሬት አድርገን ተቀመጥን። አቶ ታፈረ መጥተው «በጨዋታ መካከል ድምፅ የሚባል ነገር እንዳልሰማ» ብለው ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። ጣታቸው ለምን ከሁሉ እኔን እንደመረጠ አውቃለሁ።

የመጀመሪያውን ዙር ኮሌጆቹ እንደ ቀልድ ወሰዱት። ሁለተኛውን የእኛዎቹ፣ እንዴት እንደሆነ ሳይገባን፣ አሸነፉ። ሦስተኛው የሚለይ ነው፤ አሥራ አምስት ላይ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል፤ ግን በሁለት ነጥብ መብለጥ አለበት፤ ያኔ ደግሞ ነጥብ የሚቆጠረው ኳሱን ላስጀመረው ቡድን ብቻ ነው።  አሥራ ሦስት ለአሥራ ሦስት ሲሆኑ ሃምሳ አለቃ በሹክሹክታ «ተነሱ» አሉን። ጨዋታው እንዳለቀ ለአሸናፊው ማርሽ ለመምታት ከመስመሩ ጫፍ ተሰለፍን። ማንገቻዬን አጠለቅሁ። ኮሌጆቹ አንድ ጨምረው አሥራ አራት ገቡ። አንድ ነጥብ ብቻ ቀራቸው። ሃምሳ አለቃ ቀስ ብለው «ተጠንቀቅ» አሉ።

መምቻዬ ወደ ላይ ወጣች።

ይህን ልብ በሉልኝ። አንድ ወር ሙሉ ከ«ተጠንቀቅ» በኋላ በዚህ ዓለም ላይ ያለው ቃል አንድ ብቻ ነው። ጨዋታው ግን አላልቅ አለ። የእኛዎቹ ኳስ የማስጀመሩን ተራ ነጠቁ። ፖስታ ቤቱ አስጀመረ፣ ኮሌጆቹ መለሱ፣ የገብሱ ነጋዴ በጉልበቱ ተንበርክኮ አነሳት። ኳሷ ወደ ቃሲም መጣች። ቃሲም በሁለት እጁ ወደ ሰማይ ላካትና በዚያ በሻካራ ድምፁ ወደ በላይ ዞሮ፦

«ምታ!»

ዱም!

ያረቢ! እጄ መውረዱን ያወቅሁት ድምፁን ሰምቼ ነው። መረቡ ጋ የቆሙት ኮሌጆች ደንግጠው ወደ እኔ ዞሩ፤ አንዱማ ጆሮውን ይዞ ቁጢጥ አለ። ከኋላዬ ያለው ባንድ ደግሞ በእኔ ምት መነሳት ልማዱ ስለሆነ ሁለት ጥሩምባ ማርሹን ጀመረና በድንጋጤ ቆመ። በላይ በዚያ መካከል ኳሷን መሬት ላይ ለጠፋት።

 ሁሉም በአንድ ላይ መጮህ ጀመረ።

«ማጭበርበር ነው!» አለ ከኮሌጆቹ አንዱ።

«ነጥብ ነው፣ ነጥብ!» አለ የሳጉሬ መኪና።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። ዓይኔ እንባ ሞልቶ ከሁሉ በፊት ያየሁት አቶ ታፈረን ነው። ሕዝቡን እየገፉ ወደ እኔ ይመጣሉ፤ ፊታቸው በርበሬ መስሏል። «አላልኳችሁም? አላልኳችሁም? አውርጂ! ከበሮውን አውርጂ!» አሉ።

ሃምሳ አለቃ ከመካከላችን ገቡ። «አቶ ታፈረ፣ ‹ምታ› ተብላ ነው የመታች።»

«ማን አላት?»

ቃሲም ከሜዳው ውስጥ እጁን አወጣ። «እኔ ነኝ ያልኩት ጌታዬ። ግን ለእሷ አልነበረም።»

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ግን አልሳቅሁም። ማንገቻውን ከአንገቴ ላወጣ ስታገል ሻሼ ላይ ተያዘብኝ። ዳኛው ከመሰላሉ ላይ ሆኖ ነጥቡ እንደማይቆጠርና ኳሱ እንደሚደገም ወሰነ። እኔ ለነጥቡ ግድ አልነበረኝም፤ በዓይኔ የሚሄድብኝ ያ ላጲስ ነው።

ያኔ የኮሌጁ አምበል በመረቡ ሥር አልፎ ወደ እኛ መጣ። ረጅም፣ ፈርጠም ያለ፣ ላቡን በክንዱ የሚጠርግ ልጅ ነው። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ ከበሮውን በጣቱ መታ መታ አደረገና «ስንት ጊዜሽ ነው ስትመቺ?» አለኝ።

«አንድ ወር» አልኩት፤ ድምፄ እንደ ድሮው ጠፋ።

ወደ አቶ ታፈረ ዞረ። «ጌታዬ፣ ይቅርታዎን፤ እኔም ትምህርት ቤት ሳለሁ የማርሽ ባንድ ውስጥ ታምቡር መቺ ነበርኩ። አለቃችን ‹ምታ ሲባል የሚያስብ ከበሮ መቺ ወደ ቤቱ ይሂድ› ይለን ነበር። ይህች ልጅ ጥፋት አላጠፋችም። እንዲያውም እውነት ለመናገር፣ ያ ድምፅ ሲሰማ የትምህርት ቤቴ ግቢ ነው ድቅን ያለብኝ።» ከዚያ ሳቅ አለና «አንድ ነገር ልጠይቅ። ከበሮዋ ትቆይ። ከአሁን ጀምሮ በእኛም ሆነ በእነሱ በኩል ‹ምታ› በተባለ ቁጥር ትምታ። ለሁለታችንም እኩል ነው፤ እኛም አንደነግጥም» አለ።

ዳኛው ቃሲምን አየው፤ ቃሲም «ይመቸኛል» አለ። ሕዝቡማ አብዶ ነበር። አቶ ታፈረ ወዲያ ወዲህ አዩ፤ ይህን ሁሉ ሰው መቃወም አልሆነላቸውም። ከአጠገቤ መጥተው ቆሙ፤ ክንዳቸው ክንዴን ሊነካ ምንም አልቀረው። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «እዚሁ ነኝ። ‹ምታ› ካልተባለ በቀር አንዲት ነገር ብሰማ፣ ስምሽ በእርሳስ ነው» አሉኝ።

ጨዋታው ተደገመ። እናንተ፣ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይታችሁ አታውቁም! ቃሲም «ምታ!» ዱም! የኮሌጁ አቀባይ «ምታ!» ዱም! ሕዝቡም ከከበሮው ጋር «ዱም!» ይላል። ፍርሃቴ ቀስ በቀስ ሄደ፤ እግሬ መሬቱን አገኘ። አሥራ አራት እኩል ሆኑ። ቀጥለው የእኛዎቹ አሥራ አምስት ገቡ። አንድ ብቻ ቀራቸው።

ኮሌጆቹ ግን ብልጦች ናቸው። በላይ የሚመታበትን ሰዓት ከበሮው እንደሚነግራቸው ነቁ። «ዱም» ሲል ሦስቱ ረጃጅሞች እኩል ይዘሉና እጃቸውን ግድግዳ ያደርጉታል። በላይ ሁለት ጊዜ መታ፤ ሁለቱንም መለሱበት። በእኔ ከበሮ ምክንያት! ሁለት ጊዜ ተራውን ተነጠቅን፤ ሁለት ጊዜ እንደምንም መለስን። አንዱ የሰፈራችን ሰው ከኋላዬ «ይቺ ልጅ ለማን ነው የምትመታው?» ሲል ሰማሁት። አንጀቴ ተቃጠለ።

ቃሲም ዕረፍት ጠየቀ። የበላይን ጆሮ ይዞ አንድ ነገር ሹክ አለው። በላይ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ደግሞ ጠየቀው፤ ቀጥሎ አፉን በእጁ ጨፍኖ ሳቀ። ቃሲም ወደ ቦታው ሲመለስ እኔን አየኝ። አልጠቀሰኝም፣ ምንም አላለኝም፤ ብቻ ትክ ብሎ አየኝ።

ፖስታ ቤቱ አስጀመረ። ኮሌጆቹ መለሱ። አስተማሪው አነሳት። መምቻዬ ወደ ላይ። ኳሷ ወደ ቃሲም ወረደች። ኮሌጆቹ ጉልበታቸውን አጥፈው ከበሮውን ጠበቁ። ቃሲም ኳሷን ወደ ሰማይ አንስቶ በሙሉ ጉሮሮው፦

«ሩኩቲ!»

አሁን ስሙኝ። ኦሮምኛ የማታውቁ ካላችሁ፣ «ሩኩቲ» ማለት ምታ ማለት ነው። እና እኔ ያንን ቃል ከማን የሰማሁት ይመስላችኋል? ከእናቴ። በየሳምንቱ ምንጣፉን ውጭ አስጥታ ዱላ ትሰጠኝና «ሩኩቲ፣ ኢንታላ ኮ፣ ሩኩቲ!» ትለኛለች፣ ምቺ ልጄ ምቺ ማለቷ ነው፤ እኔም አቧራው እስኪጠፋ እወቅጠዋለሁ። «ምታ»ን ያወቅሁት በአንድ ወር ነው፤ «ሩኩቲ» ግን ከጡት ጋር የገባ ነው። ክንዴ በሙሉ ተነሳ። መምቻዋ መውረድ ጀመረች፤ ወላሂ ጀመረች!

አቶ ታፈረ ከአጠገቤ ትንፋሻቸውን ሳቡ። እኔ በዚያች ቅጽበት፣ እንዴት እንደሆነ እስከዛሬ አላውቅም፣ የቃሲም አስተያየት ገባኝ። «ትእዛዙ ‹ምታ› ነው፤ ይህ ግን ለአንቺ አይደለም» አልኩ ለራሴ። መምቻዋን ከቆዳው አንድ ጣት ሲቀራት ያዝኳት። ክንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ትከሻዬ ሊገነጠል ደረሰ። ያዝኳት!

ከበሮው ዝም አለ። ሦስቱ ረጃጅሞች ጉልበታቸውን እንዳጠፉ፣ ከበሮ እየጠበቁ፣ ቆመው ቀሩ። በላይ ብቻውን ዘሎ ኳሷን መካከላቸው ተከላት።

ፊሽካ። አሥራ ስድስት ለአሥራ አራት። አለቀ!

የተከተለውን ጩኸት አልገልጸውም። የገብሱ ነጋዴ ፖስታ ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል። እናቶች እልል ይላሉ። የኮሌጁ አምበል እጁን ራሱ ላይ ጭኖ «ምን አለ? ምን አለ?» ይላል። ከጓደኞቹ አንዱ የባሌ ልጅ ኖሯል፤ አንገቱን ደፍቶ «‹ምታ› ነው ያለው» አለው።

«አንተ ኦሮምኛ ታውቃለህ እንዴ? ታዲያ ለምን አልዘለልክም?»

«ሰማሁት እኮ! ግን ከበሮውን እየጠበቅሁ ነበር!»

አምበሉ ይህን ሲሰማ ሣሩ ላይ ተዘርሮ ሳቀ፤ ተሸናፊ እንዲህ ሲስቅ ከዚያ በፊትም ከዚያም ወዲህ አላየሁም። ተነስቶ መጣና ሁለት እጄን ጨበጠኝ። «አለቃችን ተሳስቶ ነበር» አለኝ። «ማሰብስ ያስፈልጋል።»

እኔ ግን የአቶ ታፈረን አፍ ነው የማየው። እሳቸውም «ከበሮውን አውርጂና ተከተይኝ» አሉኝ።  ሃምሳ አለቃ ከኋላችን፣ አባቴ ከሃምሳ አለቃ ኋላ፣ እናቴ ደግሞ ጉርዷን ሰብስባ ከአባቴ ኋላ፣ በሰልፍ ሆነን ቢሮ ገባን። አቶ ታፈረ መሳቢያቸውን ከፈቱ። ላጲሱን አወጡ። ግድግዳው ላይ ያለውን ስሜን በላጲስ ጠረጉት።

እናቴ «ዋይ!» አለች።

ሃምሳ አለቃ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ አቶ ታፈረ እጃቸውን አነሱ። ብዕራቸውን ጠርሙስ ውስጥ ነክረው በጠረጉት ቦታ ላይ ቀስ እያሉ በጥቁር ቀለም «ራህመት» ብለው ጻፉ። ቀለሙን እፍ እፍ አሉበት። «እርሳስ ላይ ቀለም ሲጻፍበት ይበላሻል» አሉ ወደ እኛ ሳይዞሩ። ከዚያ ድንገት ወደ አባቴ ዘወር ብለው «እኔስ ሁለቱንም አልችልም ነበር፤ መምታቱንም፣ መተዉንም» አሉት።

ያን ዕለት ማርሹን የመታነው ለሁለቱም ቡድን ነው። አምበሉ ከአንዱ ልጅ ታምቡር ተቀብሎ፣ ነጭ ቁምጣውን እንደለበሰ፣ ከጎኔ ተሰልፎ እስከ ገበያው ድረስ መታ። አባቴ ሱቁ ጋ ስንደርስ ቀድሞን ኖሮ ጨው የሚጠብቀው ደንበኛ ፊት ቆሞ አጨበጨበ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ሆንኩ። የስፖርት አስተማሪ ሆንኩ፤ ሠላሳ ዓመት ሴት ልጆችን መረብ ኳስ አስተማርኩ፤ ዳኛም ሆኜ እንደዚያ ሰውዬ መሰላል ላይ ወጥቻለሁ። ክፍል ውስጥ መልስ ለመስጠት አፌ የማይከፈት የነበርኩት እኔ፣ ድምፄ ከቃሲም የማይተናነስ ሆነ። ይህን ሁሉ ሳስብ የሚታወሰኝ መቶ ጊዜ የመታሁት ሳይሆን ያ አንድ ጣት ሲቀረው የያዝኩት ነው። ሰዎች ሲያናድዱኝ፣ አፌ ላይ ክፉ ቃል ሲደርስ፣ ክንዴ ያንን መንቀጥቀጥ ያስታውሰዋል። አንዳንዴ እይዘዋለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ባለለውዙ ምስክሬ ነው።

ከሰውየው ጋር ከተለያየን በኋላ ያን ቀን የሴቶቹ ጨዋታ ቀጠለ። የልጅ ልጄ ይህን ታሪክ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ «አያቴ፣ ደጋግመሽዋል» ትለኛለች። መጨረሻው ላይ እኩል ነበሩ። ኳሱን አነሳች። ተጋጣሚዎቿ «ምቺ!» የሚለውን ሲጠብቁ ይህች ጉደኛ ወደ እኔ ጠቀሰችና በአሰላ ድምፅ «ሩኩቲ!» ብላ ጮኸች።

እጄን ጭኔ ላይ ይዤ ቀረሁ። ኳሱ ከተጋጣሚዎቿ መካከል ወረደ።